የሩጫ ልማድ እና የቤተሰብ ሐቅ



በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ከሱብሂ ሶላት በኋላ በግቢው ሜዳ ዙሪያ የሚሮጡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ሚድ ኤግዛም ሲደርስ ግማሾቹ ይጠፋሉ። ፋይናል አልቆ ሁሉም ወደየቤተሰቡ ሲሄድ ደግሞ ልማዱ ከነጫማው ዶርም ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ለምን ብትሉ አብዛኛው ሰው "ስንፍና ነው" ይላችኋል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። አሁን ግን መልሴ ሌላ ነው፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ሩጫ የጀመርኩት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ ነው። ያኔ ጊዜዬ የራሴ ነበር፤ ብዘገይ የሚጠብቀኝ፣ ብደክም የሚጎዳብኝ ሰው አልነበረም። ማስተርስ ስጀምር ግን ባለትዳርና የአንዲት ሕፃን አባት ሆኜ ነበር። ሩጫዬን ግን እንደ ላጤነቴ ቀጠልኩ። ደስ ሲለኝ እወጣለሁ፣ ደስ ሲለኝ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ላብ በላብ ሆኜ ገባሁና "ዛሬ 12 ኪሎ ሜትር ሞላሁ" አልኩ። ልጃችን ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ነበር ያደረችው። ባለቤቴ እሷን አዝላ ገንፎ እያማሰለች ነበር። ቀና እንኳን ሳትል "የምትሮጠው አንተ፣ የምደክመው እኔ" አለችኝ።

ተናደድኩ። "እንግዲያው ትቼዋለሁ!" ብዬ ጫማዬን አልጋ ሥር ወረወርኩት። አራት ወር ሙሉም አልሮጥኩም። ቤታችን ግን በዚህ የተሻለ አልሆነም። እንቅልፌ ተዛባ፤ በትንሽ በትልቁ መቆጣት ጀመርኩ። ለሩጫ አውለው የነበረውን ሰዓትም ለቤተሰቤ አልሰጠሁትም፤ ስልኬ በላው። በመጨረሻ ጫማውን ከአልጋ ሥር አውጥታ፣ አቧራውን አራግፋ በር ላይ ያስቀመጠችው ራሷ ባለቤቴ ናት። "እኔኮ አትሩጥ አላልኩህም። መቼ እንደምትወጣና መቼ እንደምትመለስ ልወቅ ነው" አለችኝ።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ቤተሰብ ያለው ሰው የሩጫ ልማዱ የሚፈርሰው በስንፍና ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው የሚሮጥበት ሰዓት ከሌላ ሰው ላይ ሳይጠየቅ የተወሰደ ስለሆነ ነው። እንዲዘልቅ ከተፈለገ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ ቤተሰብ የሚያውቀውና የተስማማበት ሰዓት፣ በክፉ ቀንም የማያቅት ትንሽ መጠን፣ ሲቋረጥ ደግሞ መመለሻ መንገድ። አንድ በአንድ እንያቸው።

ሁሉም ሐቅ አለው

ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሶላት ሲያሳልፉ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተው ምን እንዳሏቸው ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሰውነታቸው፣ ዓይናቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሊጠይቃቸው የሚመጣው እንግዳም ሳይቀር በሳቸው ላይ ሐቅ እንዳላቸው አስታወሷቸው። ሐዲሡ ቡኻሪ ዘንድ ተዘግቧል። በዚህ ሐዲሥ ውስጥ ለእኛ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ዒባዳ እንኳን የቤተሰብን ሐቅ እስኪበላ ድረስ እንዳይበዛ ከተባለ ሩጫማ ምን ሊባል ነው? ሁለተኛው፣ በዝርዝሩ ውስጥ ሰውነትም አለ። ስለዚህ "ለቤተሰቤ ስል ሰውነቴን ጣልኩት" ማለትም መልስ አይሆንም።

አቡ ዳውድ የዘገቡትን የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ) ታሪክም አስታውሱ። በአንድ ጉዞ ላይ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ተሽቀዳድመው እሳቸው ቀደሙ። ከጊዜ በኋላ ሰውነታቸው ከፍ ካለ ወዲያ ደግሞ ተሽቀዳድመው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀደሙ፤ ይህ ለዚያኛው መካካሻ ነው ብለውም ተጫወቱ። እዚህ ላይ ሩጫው ባልና ሚስትን የሚያቀራርብ እንጂ የሚለያይ አልነበረም።

ቋሚ ሰዓት

"ጊዜ ሳገኝ እሮጣለሁ" የሚል ሰው ጊዜ አያገኝም። ልማድ የሚጸናው አስቀድሞ ከቆመ ነገር ጋር ሲታሰር ነው። እኛ ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ የቆመ ነገር አለን።

ለብዙዎቻችን የሚመቸው ከሱብሂ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ንጋት ብዙ አይለዋወጥብንም። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 12:50 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ የፈጅር ወቅት የሚገባው ደግሞ ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ቀደም ብሎ ነው። በሰሜን አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን በሰኔና በታኅሣሥ መካከል የፈጅር ሰዓታቸው በብዙ ሰዓታት ይለያያል። እኛ ግን ዛሬ የያዝነውን ፕሮግራም ከስድስት ወር በኋላም ብዙም ሳንነካው መቀጠል እንችላለን። ይህ ኒዕማ ነው።

የእኔ ፕሮግራም ይህን ይመስላል። ሱብሂን በጀመዓ እሰግዳለሁ፣ አዝካሬን እጨርሳለሁ፣ መንገዱ መታየት ሲጀምር እነሳለሁ። 25 ደቂቃ ሮጬ ልጄ ሳትነቃ ቤት እደርሳለሁ። ጫማዬንና ቱታዬን ማታ አዘጋጅቼ ስለማድር ጠዋት መብራት አብርቼ ቤተሰብ የምቀሰቅስበት ምክንያት የለም። ዶርም ያላችሁም ይህን ያዙ፤ በጨለማ ሎከር የሚያንኳኳ ሰው የዶርም ጓደኞቹ ሐቅ አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ደግሞ መታጠቢያ የሚሆን አንድ ጀሪካን ማታ መሙላት ተገቢ ነው። ላቡን ይዞ ክላስ የሚገባ ሰው በሳምንቱ ሩጫውን ይተዋል።

ስለ ደኅንነትም ልናገር። ብርሃን በደንብ ሳይወጣ ብቻችሁን አትሩጡ፤ ጅብ በሚዘዋወርባቸው ከተሞች ያላችሁ በተለይ። ውሻ ሲመጣባችሁ መሮጥ ማባባስ ነው። ቆማችሁ ፊታችሁን ወደሱ አድርጉና ቀስ ብላችሁ በእርምጃ እለፉ። ጠዋት የማይመቸው ሰው ከዐስር በኋላ እስከ መግሪብ ያለውን ጊዜ ይያዝ። ዋናው ነገር ሰዓቱ መታወቁ ነው።

ስንት ይበቃል?

ብዙዎቻችን የምንተወው መጠኑን ከአቅማችን በላይ ስለምናደርገው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ሩጫ ጠንከር ካለው ይመደባል። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 25 ደቂቃ የሮጠ ሰው ዝቅተኛውን መጠን ሞልቷል። ከሰባቱ ቀናት አራቱ ለቤተሰብ፣ ለጥናትና ለዕረፍት ይተርፋሉ ማለት ነው።

ፍጥነቱስ? ከጎናችሁ ከሚሮጠው ወንድም ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። ቃላት ከቆራረጣችሁ ቀንሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ከአፋር፣ ከሶማሌ ወይም ከድሬዳዋ ቆላ የመጣችሁ ፍሬሽማኖች መጀመሪያ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ፤ ሰውነት በሳምንታት ውስጥ እየለመደው ይሄዳል። አዲስ ጀማሪ ሁለት ደቂቃ ሮጦ አንድ ደቂቃ በእርምጃ እየሄደ ቢደጋግም ነውር የለበትም።

ጫማን በተመለከተ ውድ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ሰልባጅም ይሆናል። ግን ሶሉን ገልብጣችሁ እዩት። ባንድ በኩል የተበላ ወይም የጠነከረ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ተዉት፤ ጉልበት ይጎዳል።

ቤተሰብን ማስማማት

ባለቤቴ ጫማዬን በር ላይ ባስቀመጠችበት ሳምንት ሐሙስ ማታ ተቀምጠን ተነጋገርን። ሦስት ጠዋት የእኔ ሆነ፦ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ። ሌላ ሦስት ጠዋት የሷ ሆነ። በሷ ቀን ልጅቷን የምይዘው፣ ቁርሷን የማበላት እኔ ነኝ። መጀመሪያ "እሷም ትሩጥ" የሚል ሐሳብ ነበረኝ። እሷ ግን በሰዓቷ ተመልሳ ተኛች። "ሩጫዬ ይሄ ነው" ስትል ሳቅን። ሰዓቱ የሷ ነው፤ ምን ልታደርግበት እንደሚገባ መንገር የእኔ ሥራ አይደለም።

ከዚህ ስምምነት የተማርኳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በተባለው ሰዓት መመለስ ከተባለው ርቀት ይበልጣል። ኪሎ ሜትር ለመሙላት ብዬ አሥር ደቂቃ ስዘገይ ያጣሁት የባለቤቴን እምነት ነበር። አሁን ሰዓቱ ሲደርስ የትም ብሆን እዞራለሁ። ሁለተኛ፣ ሮጦ የመጣ ሰው ደክሞኛል ብሎ ሊጋደም አይገባም። ቤት የሚደርሰው ለሥራ እንጂ ለዕረፍት አይደለም። ሩጫው ለቤተሰቡ የተሻለ ሰው ካላደረገው ባለቤቴ ያኔ የተናገረችው እውነት ነው።

ያላገባችሁ ወንድሞችና እህቶችም ይህ አይመለከተንም እንዳትሉ። ፈተናው ዕረፍት ላይ ወላጅ ቤት ስትሄዱ ይመጣል። "ድሮም ከስቶ ነው የመጣው፣ ደግሞ ይሮጣል! ማን ያሯሩጠዋል?" የምትል እናት የሌላት ቤት ጥቂት ነው። እናትን በክርክር ማሸነፍ አይቻልም፤ በሥራ ግን ይቻላል። ውሃው ሲቀዳ፣ ዳቦው ሲመጣ፣ ግቢው ሲጠረግ "እማ፣ ግማሽ ሰዓት ልውጣና ልምጣ" ብትሏት "ቶሎ ና" ነው የምትላችሁ። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ይዞ መውጣት ደግሞ ሁሉንም ያቀላል። እናት ታርፋለች፣ ልጁ ይደሰታል፣ እናንተም አጅባችሁ ትሮጣላችሁ።

ለእህቶች

የእህቶች ነገር ከበድ ያለ መሆኑን እናውቃለን። የሰው ዓይን፣ የመንገዱ ደኅንነትና የቤተሰብ ስጋት አለ። ስጋቱን መናቅ አይጠቅምም፤ መመለስ ነው። ሁለት ሦስት ሆኖ መውጣት፣ ቦታውንና የመመለሻውን ሰዓት ለቤት ወይም ለዶርም ጓደኛ መናገር፣ አጥር ያለው የግቢ ሜዳ መምረጥ፣ ላብ የማይዝ ቀለል ያለ ሰፊ ልብስና በደንብ የተያዘ ሒጃብ መልበስ አብዛኛውን ጥያቄ ይመልሳል። ውጭ ያልተመቻት እህት በክፍሏ ገመድ ብትዘል ወይም ፈጠን ብላ በእግሯ ብትሄድ ያው ልማድ ነው።

ሒጃብና ሩጫ አብረው አይሄዱም ለሚል ሰው ምሳሌው ሩቅ አይደለም። አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ ወደ ኔዘርላንድስ የተሰደደችው ሲፋን ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክን ማራቶን በ2:22:55 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸንፋ ሜዳሊያዋን የወሰደችው ሒጃቧን ለብሳ ነው። ልጅ መውለድ የሩጫ መጨረሻ ነው ለሚል ደግሞ ደራርቱ ቱሉ አለች። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች፣ በ1998 ወለደች፣ በ2000 ሲድኒ ላይ ያንኑ ወርቅ ደገመችው። እነሱ ሥራቸው ሩጫ ነው፤ እኛ ጋር አይወዳደርም። ግን "አይቻልም" የሚለውን ቃል ቀለል ያደርጉልናል። የወለደች እህት መቼ መጀመር እንዳለባት ሐኪሟን ትጠይቅ።

ክፉ ቀን ሲመጣ

ባለፈው ዓመት እናቴ በስኳር ሕመም ምክንያት ደሴ ሆስፒታል ገባች። ቴሲሱን ትቼ ሄድኩ። ሦስት ሳምንት አስታማሚ ሆኜ ኮሪደር ላይ አደርኩ። በነዚያ ቀናት ሩጫ የሚባል ነገር ማሰብ ራሱ አሳፈረኝ። አንድ ነገር ግን አደረግሁ። ከቤት ወደ ሆስፒታል ምሳ ዕቃ ሳመላልስ ባጃጅ መያዝ ተውኩ። የደሴ ዳገት ይታወቃል፤ ሾርባው እንዳይፈስ ምሳ ዕቃውን ቀጥ አድርጌ ይዤ በእግሬ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ሩጫ አልነበረም፤ ግን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ብቻዬን ዱዓ እያደረግሁ የምተነፍስበት ሰዓት ነበር። እናቴ አልጋ አጠገብ ስደርስ ፊቴ የተረጋጋ የነበረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ጊዜ ሁላችንም ላይ ይደርሳል፦ ሕመም፣ ሐዘን፣ የገንዘብ ችግር፣ የፈተና ሳምንት። ብዙ ሰው ልማዱን ለዘለቄታው የሚያጣው ያን ጊዜ ነው። የሚያጣው ግን ስላቋረጠ ሳይሆን "በቃ ፈረሰ" ብሎ ስለሚደመድም ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናታቸው ሁለት ነገር አሳይተዋል። አንድ ድርጊት ሳይታሰብበት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን የሚፈጀው ጊዜ በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ነው፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ልማዱን ይህ ነው የሚባል ጉዳት አያደርስበትም።

ሰውነትም ቢሆን ቶሎ አይከዳም። ጥቂት ቀን ማረፍ አይጎዳም፤ የልብና የሳንባ ብቃት በሚታይ መልኩ መቀነስ የሚጀምረው ሁለት ሳምንት ገደማ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ነው። በፈተና ሰሞን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ አጭር ግን ጠንከር አድርጎ የሚሮጥ ሰው ያለውን ብቃት ለሳምንታት ማቆየት ይችላል።

ስትመለሱ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሩጫ ቀዳ የለውም። ያመለጠ ጾም ቀዳ ይወጣል፤ ያመለጠ ሩጫ ግን አልፏል፤ አይከፈልም። ሦስት ሳምንት ስላመለጠኝ ብሎ በመጀመሪያው ቀን እጥፍ የሚሮጥ ሰው በአራተኛው ቀን ጉልበቱን ይዞ ይቀመጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከበፊቱ በግማሽ ጀምሩ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ትኩሳት ካለባችሁ አትሩጡ። ስትሮጡ ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ራሳችሁን ካዞራችሁ አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ረመዳንም እንደዚሁ የራሱ መጠን አለው። የሚመቸው ኢፍጣር ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ቀለል አድርጎ መሮጥ ወይም ከተራዊህ በኋላ ነው። በዚያ ወር ዓላማው መሻሻል ሳይሆን ማቆየት ይሁን። ሲፋን ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2023 የመጀመሪያ ማራቶኗን ለንደን ላይ የሮጠችው ዒድ አል-ፊጥር በዋለ በሁለተኛው ቀን ነው። መሐል መንገድ ላይ ዳሌዋን አሟት ቆማ ተፍታታች፤ መሪዎቹም ጥለዋት ሄዱ። ተመልሳ ደረሰችባቸውና አሸነፈች። መቆም ማለት መሸነፍ አለመሆኑን ያን ቀን አየን።

በመጨረሻ

እናቴ ዛሬ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት። ሐኪሟ በየቀኑ በእግሯ እንድትሄድ መክሯታል፤ ፈጠን ያለ እርምጃ የደም ስኳርን ለመቀነስ ይረዳል። ኢንሱሊን ስለምትወስድ ስኳሯ ድንገት እንዳይወርድ ስንወጣ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ እይዛለሁ። ደሴ በሄድኩ ቁጥር ከሱብሂ በኋላ አብረን እንወጣለን። እኔ እንድሮጥላት ብላ "አንተ ቅደም" ትለኛለች። እኔ ግን አልቀድምም። የዚያ ጠዋት ልምምዴ በእናቴ እርምጃ ልክ መሄድ ነው።

ስለዚህ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። አዲስ ጫማ ከመግዛታችሁ፣ ኪሎ ሜትር ከማቀዳችሁ በፊት፣ ከናንተ ጋር ከሚኖረው ሰው ጋር ተቀመጡ። ባል ወይም ሚስት፣ እናት ወይም አባት፣ ወይም የዶርም ጓደኛ ሊሆን ይችላል። "በነዚህ ሦስት ቀናት፣ በዚህ ሰዓት እወጣለሁ፤ በዚህ ሰዓት እመለሳለሁ። ላንተስ (ላንቺስ) ምን ልሥራ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሰምታችሁ ቃላችሁን ጠብቁ። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽ ቢሆንም የዘወተረው መሆኑን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ የቤተሰቦቻችንን ሐቅ ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።